የሹፌር ወንበር ወገባችሁን እየጎዳው ከሆነ፣ ከማስቀደዳችሁ በፊት ጋቢ አጥፋችሁ ሞክሩ

ወገቤን ማመም የጀመረኝ መኪናዋን በገዛሁ በአራተኛው ወር ገደማ ነው። ኮሮላ ናት፣ በፈረንጅ 1998 የተሰራች፣ ማንዋል፣ ሞተሯ ምንም አይወጣለትም፣ ግን የሹፌሩ ወንበር ላይ በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት ሰው እንደተቀመጠበት እግዜር ይወቀው። መጀመሪያ ከሳሪስ ፒያሳ ስደርስ ቀኝ ጭኔ ይደነዝዛል፣ ዝም አልኩ፣ ከዛ አንድ ቅዳሜ ቤተሰብ ልጠይቅ ደብረ ብርሃን ሄድኩ፣ 130 ኪሎ ሜትር ነው እንግዲህ፣ ደርሼ ስወርድ ቀጥ ብዬ መቆም አቃተኝና በሩን ይዤ ቀረሁ፣ እናቴ "ምን ሆንክብኝ ልጄ" ብላ ስትሮጥ ነው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ።

ከዛ ሁሉም ሰው ሚያረገውን አረኩ። ወንበር ሚሰፋ ቤት ወስጄ "ለስለስ አርገህ ሙላልኝ" አልኩት፣ እሱም ያልኩትን 8 ሳንቲም የፍራሽ ስፖንጅ ጨመረበት፣ ሁለት ሳምንት እንደ ሶፋ ሆነልኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት ስፖንጁ ተኛ። ጭንቅላቴ ጣራ ሊነካ ደርሷል፣ መቀመጫዬ ግን ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ሕመሙም ባሰበት። በኋላ መርካቶ ያገኘኋቸው አንድ በዕድሜ የገፉ ወንበር ሰፊ ወንበሩን በእጃቸው ጫን ጫን አረጉና "ልጄ፣ ይሄ እኮ ሚያምህ ስለጠነከረ አይደለም፣ ቅርፁ ስለጠፋ ነው" አሉኝ። ይቺን ነገር መጀመሪያ ባውቃት ኖሮ ብሬም ወገቤም ይተርፍ ነበር፣ ለዛ ነው ቁጭ ብዬ ምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንቀመጥ ክብደታችንን ሚሸከሙት መቀመጫችን ስር ያሉት ሁለት አጥንቶች ናቸው። ወንበሩ ከኋላ ሲሰምጥ ዳሌያችን ወደ ኋላ ይንከባለላል፣ ያኔ ወገባችን ጋ ወደ ውስጥ የገባው ተፈጥሯዊ ኩርባ ይጠፋና ጀርባችን እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ በአከርካሪ አጥንቶቹ መሃል ያሉት ዲስኮች ላይ ጫናው ይጨምራል። ላዩ ላይ ደግሞ ንዝረቱ አለ፣ የተቀመጠ ሰው አከርካሪ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ሚሆን ንዝረትን ነው በጣም ሚያጎላው፣ ኮብልስቶን ላይ ስትነዱ ጥርሳችሁ ሳይቀር ሚንቀጠቀጠው በከንቱ አይደለም። ስለዚ ምንፈልገው ልስላሴ ሳይሆን ዳሌን ቀጥ አርጎ ሚይዝ፣ ጭንን ሚደግፍ፣ ወገብን ትንሽ ሚገፋ ወንበር ነው።

እሺ፣ ምንም ሳትነኩ በነጻ ሚሰራውን ቅድሚያ ጨርሱ። የኋላ ኪሳችሁ ውስጥ ዋሌት ካለ አሁኑኑ አውጡት፣ ቀልዴን አይደለም፣ አንዱን ዳሌ ከፍ አርጎ ነርቭ ላይ ይጫናል፣ የኔ የጭን መደንዘዝ ግማሹ በዚህ ብቻ ነው የጠፋው። ከዛ ወንበሩ ላይ በደንብ ወደ ኋላ ገብታችሁ ተቀመጡ፣ መቀመጫችሁ ከመደገፊያው ጋር ምንም ክፍተት አይኑረው፣ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ስትረግጡት ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ እንዳለ መቅረት አለበት፣ ጉልበት ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ርቃችኋል ማለት ነው። መደገፊያውን ከ100 እስከ 110 ዲግሪ አካባቢ አርጉት፣ እንደ ታክሲ ሹፌር ተጋድሞ መንዳት አንገትን ይፈጃል። ትከሻችሁ ሳይነሳ የእጃችሁ አንጓ የመሪው ጫፍ ላይ ማረፍ ከቻለ ርቀቱ ልክ ነው፣ ደረታችሁ ግን ከመሪው ቢያንስ 25 ሳንቲም ይራቅ፣ ኤርባግ ካለው በተለይ። ከጉልበታችሁ ጀርባና ከወንበሩ ጫፍ መሃል ሁለት ሦስት ጣት ይግባ። እነዚህን አስተካክሎ አንድ ሳምንት የነዳ ሰው አንዳንዴ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

አሁንም ካመማችሁ የጋቢ ሙከራው። ይሄ ለኔ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ነገር ነው። ጋቢ ከሌለ ፎጣም ይሆናል፣ አጥፋችሁ ወይ ጠቅልላችሁ ቀበቶ ምታስሩበት ቦታ ላይ ከዛም ትንሽ ከፍ አርጋችሁ ከጀርባችሁ አስገቡት፣ ስትደገፉበት ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲም ቢሆን ይበቃል። ብዙ ሰው ሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው፣ ወይ በጣም ከፍ አርጎ የጎድን አጥንቱ ጋ ያረገዋል ወይ በጣም ያወፍረውና መሪው ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛ ፎጣ ወስዳችሁ ከመቀመጫችሁ ስር፣ የወንበሩ የኋለኛው ግማሽ ላይ ዘርጉት፣ አንድ ቀን ንዱ፣ በማግስቱ ደግሞ ወደ ፊት ጭናችሁ ስር አምጡት። የትኛው እንዳሳረፋችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ "ወገብ፣ ሁለት እጥፍ፣ ከቀበቶ በላይ አራት ጣት" እንደዚህ። አንድ ሳምንት ሞልታችሁ ወደ ሰፊው ስትሄዱ "ለስለስ አርገው" ሳይሆን "እዚህ ጋ 2 ሳንቲም፣ እዚህ ጋ 3" ትሉታላችሁ፣ ሰፊውም ደስ ይለዋል፣ ምክንያቱም ምን እንደምትፈልጉ አውቃችሁ መጥታችኋል። ጋቢው ፍሬንና ነዳጅ ጋ እንዳይወርድ ብቻ በደንብ እሰሩት።

አሁን ወንበሩን ማውጣት። አብዛኛው ቶዮታ ላይ ወንበሩ ወለሉ ላይ በአራት ቡሎን ነው የታሰረው፣ 14 ቁልፍ ይይዘዋል፣ ሁለቱ ከፊት ሁለቱ ከኋላ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ስትገፉ የፊቶቹ ይታያሉ፣ ወደ ፊት ስትስቡ የኋላዎቹ። ከዛ በፊት ግን ይሄን አንብቡ። ወንበሩ ጎን ላይ ኤርባግ ሚል ምልክት የተሰፋበት ከሆነ ወይ ከስሩ ቢጫ ሶኬት ካለ ጎን ላይ ኤርባግ አለው ብላችሁ ያዙ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታችሁ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳትጠብቁ እንዳትነኩት፣ ሶኬቱ ተነቅሎም ቁልፍ አታዙሩ፣ የኤርባጉ መብራት ዳሽቦርድ ላይ በርቶ ይቀራል። የእንደዚህ አይነት ወንበር መደገፊያ ባይነካ ይሻላል፣ እንደነገሩ የተሰፋ ልብስ ኤርባጉን አፍኖ ይይዘዋል። የቀበቶው መቆለፊያ የታሰረበትን ቡሎንም ተዉት።

ስታወጡት ገልብጡና ከስር እዩት። ብዙዎቹ ላይ እንደ እባብ የታጠፉ ሞላ ሽቦዎች አሉ፣ አንዱ ከማንጠልጠያው ወልቆ ወይ ተሰብሮ ከሆነ በቃ በሽታው እሱ ነው፣ ላዩ ላይ የፈለጋችሁትን ስፖንጅ ብትጨምሩ ይሰምጣል። የኔ ላይ በግራ በኩል ሁለቱ ወልቀው ነበር፣ ለዛ ነው አንድ ጎን አዘንብዬ ስነዳ የኖርኩት። የወለቀውን በፒንሳ መልሶ በወፍራም ሽቦ ማሰር ነው፣ ከዛ ሞላው ስፖንጁን እየበላው እንዳይሄድ መሃላቸው ወፍራም ጆንያ ወይ ጠንካራ ጨርቅ ይገባል። ሽማግሌው ለኔ የቡና ጆንያ ነው ያረጉልኝ፣ ይሄው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ስፖንጅ ላይ ደግሞ አትታለሉ። የፍራሽ ስፖንጅና የወንበር ስፖንጅ አንድ አይደለም፣ በእጅ ሲጫኑት ሁለቱም ለስላሳ ናቸው፣ ልዩነቱ ክብደቱ ላይ ነው። ለመኪና መቀመጫ በሜትር ኪዩብ 40 ኪሎና ከዛ በላይ ሚመዝን ነው ሚፈለገው፣ ርካሹ 20 አካባቢ ነው። ሻጩ "ጠንካራ ነው" ካላችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ 50 በ50 ሆኖ 5 ሳንቲም ውፍረት ያለው ቁራጭ ጥሩው ግማሽ ኪሎ ይመዝናል፣ ርካሹ ሩብ ኪሎ። በቃ፣ ክርክር የለም። የድሮውን ስፖንጅ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አታስጥሉ፣ ፋብሪካ በቅርፅ ያወጣው ነው፣ ጎኖቹ ላይ ያለው ከፍታ ኩርባ ላይ ሚይዛችሁ እሱ ነው፣ የተኛውን መሃሉን ብቻ ቆርጦ በአዲሱ መተካት ይሻላል። መቁረጫው ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ ነው፣ ጠርዙን እየሳሳ እንዲሄድ አርጋችሁ ቁረጡት፣ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ልብሱ ከለበሰ በኋላ ደረጃ ሆኖ ይቆረቁራል። ማስቲሽ ዳር ዳሩን ብቻ ቀቡ፣ መሃል የተቀባ ማስቲሽ ሲደርቅ እንደ ሰሌዳ ይጠነክራል። ልብሱን ሚይዙት ትንንሽ የሽቦ ቀለበቶች በፒንሳ ይከፈታሉ፣ መልሶ ለማሰር አዲስ ቀለበት ካጣችሁ ጠንካራ የፕላስቲክ ማሰሪያም ይይዛል። ሌዘር ልብስ ከሆነ ከማልበሳችሁ በፊት ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት አስጡት፣ ይለጠጥላችኋል።

የወገብ ድጋፉን መደገፊያው ውስጥ፣ ከልብሱ ስር፣ ጋቢው በነገራችሁ ቦታ ላይ ነው ምታስገቡት፣ ከስፖንጁ ከራሱ የተቆረጠ፣ መሃሉ 3 ሳንቲም ሆኖ ወደ ላይና ወደ ታች እየሳሳ ሚሄድ። ከገባ በኋላ ከመሪው ያላችሁን ርቀት እንደገና ለኩ፣ ወደ ፊት ገፍቷችኋልና።

ጭናችሁ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሚቀር ከሆነ፣ ረጃጅም ሰዎች ላይ በጣም ይታያል፣ የወንበሩን ፊት ከፍ ማድረግ አለ። የፊቶቹ ሁለት ቡሎኖች ስር፣ ወንበሩ በሚንሸራተትበት ሀዲድና በወለሉ መሃል፣ 1 ሳንቲም ውፍረት ያለው ለቡሎኑ የተበሳ ብረት ይገባል፣ በፊትና በኋላ ቡሎን መሃል 40 ሳንቲም ካለ ይቺ ብቻ ወደ አንድ ዲግሪ ተኩል ታዘነብላለች፣ ትንሽ ትመስላለች ግን ሲቀመጡበት ሌላ ወንበር ነው ሚመስለው። እዚህ ጋ ግን በጣም ጠንቀቅ በሉ። ወንበሩን ግጭት ሲመጣ እናንተን ይዞ ሚቀረው ይሄ ቡሎን ነው፣ ስለዚ ብረቱ የጨመረውን ያህል ረዥም ቡሎን ያስፈልጋል፣ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱና ጥርሱን አመሳስሉ፣ ራሱ ላይ ያለው የጥንካሬ ቁጥር ከድሮው እንዳያንስ፣ ለምሳሌ 8.8 ወይ 10.9። ሮንዴላ በሮንዴላ ላይ መደርደር አይሆንም፣ ከ1 ሳንቲም በላይም አትሂዱ። "ብየዳ እናርገው" ሚላችሁ ሰው ካለ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። አጭር ሰው ከሆናችሁ ደግሞ ይሄን ጭራሽ አታርጉት፣ ፊቱ ከፍ ካለ ጭን ስር ተጭኖ ደም ይዘጋል፣ ለናንተ ሚያስፈልገው ከኋላ ነው።

ቪትዝ ላላችሁ አንድ ነገር። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ ከሆነ አሁን ምትቀመጡበት ወንበር ለሹፌር ያልተሰራ ሊሆን ይችላል፣ ከፍታ ማስተካከያው ተሳፋሪው ጋ ቀርቶ እናንተ ያለሱ ትሆናላችሁ። ፔዳሎቹ ከመሪው መሃል ወደ አንድ ጎን የሸሹ መሆናቸውንም እዩ፣ ወገባችሁን እየጠመዘዘ ያለው እሱ ከሆነ ስፖንጅ አያድነውም፣ ሀዲዱን ሚያውቅ መካኒክ ነው ሚፈልገው።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም፣ ሌዘር ያምራል ለማጽዳትም ይቀላል፣ ግን አዳማና አዋሽ መንገድ ላይ ጀርባን ውሃ ያረገዋል። እኔ መጨረሻ ላይ ያረኩት የድሮ ሹፌሮች ሚያረጉትን ነው፣ አጎዛ። በደንብ የተለፋ የበግ አጎዛ ወንበሩ ላይ ሲታሰር አየር ያሳልፋል፣ ላብ ይመጥጣል፣ ጫናውንም ይበትነዋል፣ ጠዋት ብርድ ላይም ይሞቃል። መሸራተት ስለሌለበት ከስር በላስቲክ በአራቱም ማዕዘን ይታሰር፣ ጎን ኤርባግ ያለው መደገፊያ ላይ ግን አታልብሱት፣ ታች መቀመጫው ላይ ብቻ ይብቃው።

ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ብዙዎቻችን እጃችን ላይ ባለችው ነው ገና ብዙ ዓመት ምንቆየው፣ ስለዚ ለወንበሩ ሁለት ቀን መስጠት አይቆጫችሁ። ስትጨርሱ አራቱንም ቡሎኖች መጀመሪያ በእጅ አስገቡ፣ ጥርስ እንዳይበላ፣ ከዛ ነው ሚጠብቀው። አንድ ሳምንት ከነዳችሁ በኋላ ቁልፉን ይዛችሁ ደግማችሁ ፈትሹ፣ አዲሱ ስፖንጅም በዛ ሳምንት ትንሽ ይተኛል፣ ስለዚ የተረፈውን ቁራጭ አትጣሉት፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀምጡት።