ዋልካ፣ ቁልቁለትና የወንዝ ሙላት፦ በጎጃም የገጠር መንገድ መኪና ሲቸገር ምክንያቱና መፍትሔው

መኪና ጭቃ ውስጥ ስለተቀረቀረ ብቻ ሰው የሚጎዳበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ አደጋው በአብዛኛው የሚመጣው መኪናውን ለማውጣት በሚደረገው ጥድፊያ ነው። ስለዚህ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአስፋልት ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ አሽከርካሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊለምደው የሚገባው ነገር፣ መኪናው እምቢ ሲል እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥቶ መውረድንና የችግሩን ምክንያት መሬት ላይ ቆሞ ማየትን ነው።

ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው ግን ከቦታው አይነቃነቅም

ከደጀን በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚዘልቀው ደጋማ ሜዳ ይህ ችግር ሲያጋጥም መንሥኤው አብዛኛውን ጊዜ ዋልካው ነው። ጥቁሩ ዋልካ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሰኔ ገብቶ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ያብጥና እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ወርደው ጎማውን ቢመለከቱ ጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት በሙሉ በጭቃ ተደፍኖ፣ አዲስ የተገዛው ጎማ ልሙጥ በርሜል መስሎ ያገኙታል። እንዲህ የሆነ ጎማ ነዳጅ በተሰጠው ቁጥር መሬቱን ወደ ታች ይቆፍራል እንጂ መኪናውን ወደ ፊት አይወስደውም፤ ጎማው ሁለትና ሦስት ዙር በባዶ ከዞረ በኋላ የሚሰጥ ነዳጅ ሁሉ የአካፋውን ሥራ ከማብዛት በቀር ጥቅም የለውም።

መፍትሔው የሚጀምረው መሪውን ቀጥ ከማድረግ ነው። ጎማዎቹ ወደ ጎን ዞረው ከቀሩ በጭቃው ግድግዳ ላይ እየተደገፉ መኪናውን ይይዙታል፤ ጀማሪ አሽከርካሪ ደግሞ መሪው የት እንዳለ ብዙውን ጊዜ አያስተውልም። ቀጥሎ በአራቱም ጎማዎች ፊትና ኋላ ያለውን ጭቃ በአካፋ ማንሣት፣ ከዚያም የጎማውን ነፋስ መቀነስ ያስፈልጋል። በአስፋልት ላይ በ35 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) የሚሄድ ጎማ ወደ 20 ገደማ ሲወርድ መሬቱን የሚነካው ገጽ ይረዝማል፣ ክብደቱም በሰፊ ቦታ ላይ ያርፋል። ከ15 በታች ማውረድ ግን ጎማው ከቸርኬው ላይ እንዲወልቅ ሊያደርግ ይችላል። ነፋስ የሚሞላ የእግር ፓምፕ ወይም ኮምፕረሰር ያልያዘ ሰው በቅርብ ጎሚስታ እንዳለ ሳያረጋግጥ ይህን ባያደርግ ይሻላል፤ የተነፈሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ሊፈነዳ ይችላልና።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ መጀመሪያ የሚሞከረው የመጡበትን የጎማ ዱካ ይዞ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ያ መሬት አንድ ጊዜ መኪናውን ተሸክሞ አሳልፎታል። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ከጎማው ሥር ሲነጠፍ ይረዳል። ሆኖም ጎማው ቅርንጫፉን ይዞ ወደ ኋላ ሊወረውረው ስለሚችል፣ የሚገፉ ሰዎች በጎማው ትይዩ መቆም የለባቸውም። ጭቃውን ለመሸሽ ብሎ የገበሬ ማሳ ላይ መውጣት ግን ነውር ከመሆኑም በላይ የታረሰ መሬት ከመንገዱ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ችግሩን ያባብሰዋል።

ፎር ዊሉ ገብቷል፣ የሚዞሩት ግን ሁለት ጎማዎች ብቻ ናቸው

ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ በባዶ ሲዞር ያየ ሰው ፎር ዊሉ ተበላሽቷል ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ነገር ግን ዲፈረንሻል በተፈጥሮው እንዲህ ነው። የግራውና የቀኙ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ስለሚፈቅድ፣ አንደኛው ጎማ የሚይዘው መሬት ሲያጣ መዞሩ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። የዲፈረንሻል መቆለፊያ ያለው መኪና ከሆነ እዚህ ቦታ ላይ መቆለፊያው ሊገባ ይገባል፤ የሌለው ደግሞ ነዳጅ በትንሹ እየሰጠ የእግር ፍሬኑን በስሱ ቢይዝ በባዶ የሚዞረው ጎማ ይገታና ኃይሉ በከፊል ወደ ሌላው ይሻገራል። ከፊት ያሉት ሁለቱም ጎማዎች ጨርሶ የማይዞሩ ከሆነ ግን፣ በቆዩት ላንድክሩዘሮች ላይ በእጅ የሚቆለፈው የፊት ሃብ (በፊት ጎማው መሃል ያለው ማገናኛ) ተረስቶ መሆኑን ማየት ነው።

በነገራችን ላይ፣ የመሃል ዲፈረንሻል (የፊቱና የኋላው ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው) በሌለው መኪና ፎር ዊሉን አስገብቶ በደረቅ አስፋልት መንዳት ማርሾቹን ስለሚያጨናንቅ አስፋልቱ ላይ ሲወጡ ፎር ዊሉን ማውጣት ያስፈልጋል።

ገመዱ ይበጠሳል፣ ወይም የታሰረበት ብረት ይነቀላል

አንድ ሐምሌ ከቢቸና ወጣ ብሎ የተቀረቀረ ፒክ አፕ ለማውጣት አይሱዙ መጣልን። የአይሱዙው ሹፌር የሽቦ ካቦውን ከፒክ አፑ የፊት ፓራውርቲ ጋር አሰረና፣ ካቦው ረግቦ ሳለ በድንገት ተነሣ። ፓራውርቲው ከነብሎኑ ተነቅሎ በአየር ላይ ሄዶ ማሳ ውስጥ ወደቀ። በሁለቱ መኪኖች መካከል ቆሞ ምልክት ሲሰጥ የነበረው ሰው፣ አንድ እግር ኮንጎ ጫማው በጭቃ ተይዞበት ሊያወጣ ወደ ጎን ዞር ብሎ ስለነበር ተረፈ። ሹፌሩን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ እኛም ቆመን እያየን አላስቆምነውም።

ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛው የማሰሪያው ቦታ ነው፤ ፓራውርቲ የመኪናን ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም፤ ከኋላ ተሳቢ የሚታሰርበት ክብ የብረት ኳስም እንዲሁ ሲሰበር እንደ ጥይት ስለሚወረወር ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። ገመድ የሚታሰረው ከሻንሲው (መኪናውን ከሥር ከሚሸከመው ዋና ብረት) ጋር በብሎን ወይም በብየዳ በጠበቀ፣ ለመጎተቻ ተብሎ በተሠራ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሽቦ ካቦን አርግቦ መንጠቅ ነው። ካቦና ሰንሰለት አይለጠጡም፤ ስለዚህ ግጭቱን ሁሉ የሚቀበለው ከሁሉ ደካማው ብረት ነው። በእነርሱ የሚጎተት ከሆነ መጀመሪያ ቀስ ተብሎ ይወጠራሉ፣ ከዚያ በዝቅተኛው ማርሽ ያለ ንጥቂያ ይሳባል። በመጠነኛ ሩጫ ለመሳብ የሚሆነው የሚለጠጠው የናይለን ገመድ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ጥንካሬው ከመኪናው ሙሉ ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ መሆን አለበት።

አካፋን ንቆ ወደ ገመድ የሚሮጥ ሰው ይህን ስሌት ቢያውቅ ይጠቅመዋል፦ እስከ ጎማው መሃል የሰመጠ መኪና ለመውጣት የራሱን ክብደት ያህል ጉልበት ሲጠይቅ፣ እስከ ፓራፋንጎው የሰመጠው እጥፉን ይጠይቃል። 2.5 ቶን የሚመዝን መኪና ከ5 ቶን ያላነሰ ጉልበት ፈለገ ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት መቆፈር ይህን ሸክም በግማሽ ሊቀንሰው ይችላል።

ሲጎተት ገመዱ ወይም ካቦው መሃል ላይ ግማሽ ድረስ አፈር የያዘ ጆንያ ወይም ከባድ ካፖርት ይጣልበታል፤ ቢበጠስ ወደ ላይ እንዳይነሣ ያከብደዋል። ጋቢ ቀላል ስለሆነ አይበቃም። ከሁለቱ ሹፌሮች በቀር ሁሉም ሰው የገመዱን ርዝመት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይርቃል፣ ገመዱ 9 ሜትር ቢሆን 14 ሜትር ገደማ ማለት ነው። በገጠር መኪና በተቀረቀረ ቁጥር ልጆች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ይከባሉ፤ እነርሱን መጮህ ስለማይመልሳቸው ከመካከል አንድ ሽማግሌ መርጦ «አባቴ፣ እባክዎ ልጆቹን ከዚያ ባሕር ዛፍ ወዲያ ያቆዩልኝ» ማለት ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ምልክት የሚሰጠውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይሸታል፣ ሲረገጥም ይለሰልሳል

ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ወደ ቆላ ቀበሌዎች የሚወርዱት ጥርጊያ መንገዶችም እንዲሁ ቁልቁለታቸው የበረታ ነው። ፍሬኑን ያለ ዕረፍት መያዝ የፍሬን ሸራውን ያግለዋል፣ ሲብስም የፍሬኑ ዘይት ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ሽታው እንደመጣ ቆሞ ከጎማው ፊት ድንጋይ ማድረግና ለብዙ ደቂቃ ማቀዝቀዝ ይገባል፤ ውሃ ግን አይደፋበትም። መከላከያው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባትና ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ መተው ነው። ፍሪሲዮን መርገጥ ወይም ማርሹን ፈትቶ መንሸራተት ነዳጅ መቆጠብ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ይህ ግን መኪናውን ለፍሬኑ ብቻ አሳልፎ መስጠት ነው።

ወንዝ ውስጥ ሞተሩ ጠፋ

ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ ከጮቄ ተራራ የሚነሡ ወንዞች ናቸው። ስለዚህ እርስዎ ባሉበት ቆላ ፀሐይ ወጥቶ እያለ፣ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ውሃው በድንገት ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ አይገባበትም፤ ይጠበቃል። የሚፈስ ውሃ 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ቀላል መኪናን ከመሬት ማላቀቅ ይጀምራል፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። በትር ይዞ በእግር ሊሻገሩት ያልደፈሩትን ወንዝ በመኪናም አለመድፈር ነው።

መሃል ላይ ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ የመጀመሪያው ስሜት ቁልፉን ደጋግሞ ማዞር ነው፤ መኪናውን የሚጨርሰውም ይኸው ነው። ውሃ በአየር ማስገቢያው በኩል ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከሆነ እንደ አየር ስለማይታመቅ ፒስተኑ ሲገፋው የፒስተኑን ክንድ ያጣምመዋል። መኪናው ሳይነሣ ወደ ዳር ተጎትቶ የአየር ማጣሪያው ይከፈት። ማጣሪያው እርጥብ ከሆነ መካኒክ ካንዴላዎቹን፣ በናፍጣ መኪና ኢንጀክተሮቹን ፈትቶ ውሃውን ሳያስወጣ ሞተሩ መዞር የለበትም።

በሰላም የተሻገረም ቢሆን ፍሬኑን በስሱ ይዞ ጥቂት በመንዳት ሸራውን ያድርቅ። በማግሥቱ የዲፈረንሻሉን ዘይት ይመልከት፤ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በመተንፈሻው በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ዘይቱም ቡና በወተት የመሰለ ከሆነ ሌላ ጉዞ ሳይጀመር ይቀየራል።