ሃይሉክስ ከፍ ከተደረገ በኋላ ከፊት የሚመጣው «ሲጥ» እና «ቋ»

ሃይሉክሴን ከፊት ሞላው ላይ ስፔሰር (ከፍ የሚያደርግ ቁራጭ)፣ ከኋላ ባሌስትራው (የቅጠል ሞላው) ላይ ተጨማሪ ቅጠል አስገብቼ ከፍ ካስደረግኩ በኋላ በግራ የፊት ጎማ በኩል ድምፅ ጀመረ። የለገጣፎ ኮብልስቶን ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ስፒድ ብሬከር ስወርድ ደግሞ አንዴ «ቋ»። ደህና አስፋልት ላይ ምንም የለም።

ቴስቲና (ኳስ ያለው መገጣጠሚያ) ነው ተባለ፤ ተቀየረ፣ ድምፁ ያው። አሞርዛተሩም (የሞላውን ንዝረት የሚያበርደው) ተፈትቶ ታየ፤ ደህና ነው። ጎሚኒዎቹ (መገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ያሉት ላስቲኮች) ግራሶ ሲቀቡ ድምፁ ትንሽ ጠፋና ተመለሰ። ይሄን እንኳ ባታደርጉት ይሻላል፣ ተራ ግራሶ ጎሚኒ ሊያሳብጥ ይችላል።

ቦታው የተገኘው በእጅ ነው። ሞተር ጠፍቶ፣ ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ፣ አንድ ሰው የፊት ፓራውልቱን ጫን እያለ ሲለቅ እኔ ከስር እጄን በየቡሎኑ ላይ አሳረፍኩ። የታችኛው አርም (ጎማውን የሚይዘው ክንድ) ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበት ቡሎን ላይ ስደርስ ንዝረቱ ጣቴ ላይ ቁልጭ ብሎ ተሰማኝ።

ለካ ቡሎኑ የጠበቀው መኪናው ክሪክ ላይ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ነው። የጎሚኒው ውስጠኛ ብረት በዚያው ተነክሶ ይቀራል፤ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ሁሌ እንደተጠመዘዘ ነው።

የአርሙን ቡሎኖች ሳናወጣ አላላን፣ መኪናውን አውርደን ወደፊትና ወደኋላ ገፋ ገፋ አደረግነው፣ ከዚያ ክብደቱ ጎማዎቹ ላይ እንዳለ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) በማንዋሉ ልክ አጠበቅን። ድምፁ ወዲያው ጠፋ። የኋላ ባሌስትራውን ቡሎኖችም እንደዚሁ አደረግን።

አንድ ነገር፦ እነዚህ የአርም ቡሎኖች የአላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫና ዝንባሌ) ማስተካከያም ናቸው። ከማላላታችሁ በፊት ምልክት አድርጉባቸው፣ ሲያልቅ ደግሞ አላይመንት አሠሩ።