ቤታችሁ ሰው ስትሮክ ቢመታው ስልካችሁን እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ

ስትሮክ (የአንጎል ደም ስር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይ ፈንድቶ ደም ሲፈስ የሚመጣ ድንገተኛ ሕመም) ላይ የስልክ ትልቁ ጥቅም እናንተ ሆስፒታል ሳትደርሱ እዛ ያሉት ተዘጋጅተው እንዲጠብቁ ማድረግ ነው። ብዙ ቤት ግን መጀመሪያ የሚደወለው ለዘመድ ነው፣ ከዛ አሜሪካ ላለው ልጅ ይደወላል፣ አንዱ ምች ነው ዳማከሴ እሹት ይላል ሌላው ይተኛና ይረፍ ይላል፣ በዚህ መሀል ሰዓቱ ነጎደ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደግሞ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፣ ያውም ሲቲ ስካን (የጭንቅላት ውስጥ የሚያሳይ የራጅ ምርመራ) ተነስቶ ጭንቅላት ውስጥ ደም እንዳልፈሰሰ ከታየ በኋላ።

ስለዚህ ድንገት ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይ አፍ ከተሳሰረ አንዱም ይበቃል፣ አምቡላንስ ጥሩ። ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል 907፣ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኢሚሬትስ 998። አምቡላንሱ የሚቆይ ከመሰላችሁ የጎረቤትም ቢሆን መኪና ፈልጉ።

ከዛ ሰዓቱን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ሐኪሙ የሚፈልገው እናንተ ያያችሁበትን ሳይሆን በሽተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረበትን ሰዓት ነው፣ ከእንቅልፉ ሲነሳ ከሆነ የታመመው ማታ ደህና ሆኖ የተኛበትን ጻፉ። በሀበሻ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ አብራችሁ ጻፉ እባካችሁ፣ "2 ሰዓት" ብላችሁ ብትልኩ አንዱ ጠዋት ሌላው ከቀትር በኋላ አድርጎ ሊያነበው ይችላል፣ የ6 ሰዓት ስህተት ደግሞ መድኃኒቱን ሊያስከለክል ይችላል።

አንድ ሰው አጭር ቪዲዮ ይቅረጽ። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ይሁን፣ መስኮት ከጀርባው ከሆነ ፊቱ ይጠቁራል ምንም አይታይም። ፈገግ በል በሉት፣ ሁለቱንም እጅ ወደፊት ዘርግቶ ዓይኑን ይጨፍን፣ እናንተ እስከ 10 ቁጠሩ (የደከመው እጅ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ እሱ ነው መታየት ያለበት)፣ ከዛ ስሙንና የት እንዳለ ይናገር። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ፎቶ አንሱ፣ በተለይ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ ካለ። የስኳር መለኪያ ካላችሁም ለኩና ቁጥሩን ላኩ፣ የወረደ ስኳር ቁጭ ስትሮክ ይመስላል።

አሁን ሆስፒታሉ ጋ ደውሉ፣ ድንገተኛ ክፍል ወይ ላይዘን ኦፊስ (ሪፈር የሚቀበለውና የሚያስተባብረው ቢሮ)። "ስትሮክ የተጠረጠረ ሰው እያመጣን ነው፣ ሲቲው ዛሬ ይሰራል? ደም የሚያሟሟው መድኃኒት አላችሁ?" በሉ። ይሄን ሳይጠይቁ ጤና ጣቢያ፣ ከዛ ሪፈር፣ ከዛ ሲቲው የተበላሸበት ቦታ ሄዶ እንደገና ሌላ ሪፈር የሚንከራተት ሰው በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። ቪዲዮውን በቴሌግራም ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። ይሄ ሁሉ ግን መኪና እየጠበቃችሁ ወይ መንገድ ላይ እያላችሁ የሚሰራ ነው፣ መልስ እስኪመጣ ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ።

በውጭ ሀገር ኒውሮሎጂስቱ (የአንጎልና የነርቭ ሐኪሙ) በታብሌት አምቡላንሱ ውስጥ ያለውን ሰው የሚመረምርበት ቦታ አለ፣ በርሊንና ሂውስተን ውስጥማ ሲቲው ራሱ አምቡላንሱ ላይ ተገጥሟል። እንደዚህ ከገጠማችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ እናንተ ከሆናችሁ የምታስተረጉሙት ደግሞ የአባታችሁን ንግግር አታስተካክሉለት። ተኮላትፎ ወይ ቃል አምታቶ ያለውን አቃንታችሁ ከነገራችሁት ሐኪሙ ንግግሩ ደህና ነው ብሎ ነው የሚመዘግበው። ኔትወርክ ከተቆራረጠ ቪዲዮውን ዝጉና በድምፅ ቀጥሉ።

አስፕሪን አትስጡ፣ የደም ግፊት ክኒንም ሐኪም ሳያዝ አትስጡ፣ ምግብና ውሃም ይቅር። ደም ረግቶ ይሁን ፈስሶ በዓይንም በቪዲዮም አይለይም፣ ከፈሰሰ አስፕሪን ያባብሰዋል፣ መዋጥ ካቃተው ደግሞ ውሃው ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኙትና ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ያየው ሰው አብሮ ይሂድ፣ መሄድ ካልቻለም ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ክፍት ይተወው፣ ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ከመስጠታቸው በፊት ሊጠይቁት ይችላሉ።