ጋራ ሙለታ ላይ ሶላሩ ጠዋት ጠዋት ቻርጅ አላደርግ ሲል

ድሬዳዋ ላይ ያለ ችግር የሚሠራው የተጎታች ቤታችን ሶላር፣ ብርዳማው ተራራ ጋራ ሙለታ ላይ ካደርን ጠዋት ባትሪውን አይሞላም። ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር የፓኔሉን ቮልቴጅ ያሳያል፣ ወደ ባትሪው የሚገባው አምፔር ግን ዜሮ ነው። መብራቱና የውኃው ፓምፕ ደግሞ ይሠራሉ። ረፋድ ላይ ማንም ሳይነካው በራሱ ይጀምራል።

ፓኔሉ ላይ ያደረውን ውርጭ ጠረግኩ፤ ለውጥ የለም። ማያያዣዎቹን አጠበቅኩ፣ ፊውዝ ቀየርኩ፣ ኮንትሮለሩንም በሌላ ተካሁ። ያው ነው። ድሬዳዋ ወርጄ ኤሌክትሪሺያን ሲያየው ምንም አላገኘበትም። በዚያ ሙቀት ከየት ያገኘዋል!

ነገሩ የተገለጠው ማለዳ ባትሪው ላይ ቴርሞሜትር ሳስቀምጥ ነው፦ ከዜሮ በታች። ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። ይህ ዓይነቱ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቻርጅ ከተደረገ ሊቲየሙ በብረት መልክ ውስጡ ይለጠፍና ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳል። ስለዚህ ውስጡ ያለው ቢኤምኤስ (ባትሪውን የሚጠብቀው የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት) መሙላቱን ይዘጋል፤ መስጠቱን አይከለክልም። መብራቱ የሚበራው ለዚህ ነው። ቢኤምኤሱን ለማለፍ እንዳትሞክሩ፤ ባትሪያችሁን እየጠበቀላችሁ ነው።

ባትሪው የነበረው ውጭ፣ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ወደ ውስጥ አስገብቼ አልጋው ሥር፣ ወፍራም ስፖንጅ ላይ አስቀመጥኩት። ጎኖቹንም በስፖንጅ ከለልኩ። ገመዱ ስለረዘመ ወፈር ያለ ቀየርኩበት። ሰው የሚያድርበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ከዜሮ በላይ ያድራል። አሁን ፀሐይዋ ፓኔሉን እንደነካች አምፔሩ ይነሳል። ቤታችሁ ውስጡም የሚቀዘቅዝ ከሆነ ራሱን የሚያሞቅ ባትሪ ግዙ።