በረንዳ ላይ ብስባሽ ስናዘጋጅ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከልደታ እስከ አራት ኪሎ በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ብስባሽ፣ ማለትም ከወጥ ቤት ልጣጭ የሚሠራ የአፈር ማዳበሪያ (ኮምፖስት)፣ ለመጀመር ክዳን ያለው ባለ 20 ሊትር ባልዲ ይበቃል። ከታቹና ከጎኑ በጋለ ምስማር 20 ያህል ቦታ ብሱትና ሳህን ላይ አስቀምጡት።

ልጣጭ ብቻ መጨመር። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ባልዲውን የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠልና የሙዝ ልጣጭ አብዛኛው ክፍላቸው ውሃ ነው። ለብቻቸው ሲከማቹ ይላቁጣሉ፣ አየር ማስገቢያውም ይዘጋል፤ ያኔ ያለ አየር የሚኖሩ ተህዋስያን ይበዙና ባልዲው ይገማል። ለአንድ ጣሳ ልጣጭ ሁለት ጣሳ ደረቅ ነገር ጨምሩ፦ የጤፍ ጭድ፣ የተቀዳደደ ካርቶን ወይም ከእንጨት ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ። የቺፑድ ሰጋቱራ ግን ሙጫ ስላለበት ይቅር። ከበዓል በኋላ የደረቀውን ቀጤማም አትጣሉት፤ ከትፋችሁ ጨምሩት። ሁልጊዜ የላይኛው ሽፋን ደረቅ ይሁን፤ ዝንብ የሚከለክለው እሱ ነው።

እርጥበቱን ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨምቁ። አንድ ሁለት ጠብታ ቢወጣ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ ካርቶን ጨምሩ፣ ከተበተነ ውሃ እርጩበት። በሳምንት አንዴ አገላብጡት።

ወጥ፣ ሥጋና አጥንት መክተት። አይጥ ይጠራል። የቡና አተላ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትና ወጥ ያልነካው እንጀራ ይገባል፤ እንጀራው ግን ይቆራረስ፣ እንዳለ ከገባ ሊጥ ይሆናል።

የከሰል አመድ ማብዛት። አመድ ናይትሮጅኑን ወደ አሞኒያ ጋዝ ለውጦ ያባርረዋል። በወር አንድ እፍኝ በቂ ነው።

በአንድ ባልዲ ብቻ መሥራት። በየቀኑ አዲስ ልጣጭ የሚጨመርበት ባልዲ መቼም አይደርስም። አንዱ ሲሞላ ተዉትና ሁለተኛውን ጀምሩ።

ክረምቱን መርሳት። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ በማይደርስበት ጥግ ይቀመጥ።

ሳይደርስ መጠቀም። ከ3 እስከ 5 ወር ይፈጃል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ያዘገየዋል። ያልበሰለ ብስባሽ ችግኝ ያቃጥላል። አንድ እፍኝ እርጥቡን በፌስታል ቋጥራችሁ 3 ቀን አቆዩት፤ ሲከፈት አፈር አፈር ከሸተተ ደርሷል። አንድ እጁን ከሦስት እጅ አፈር ጋር ቀላቅላችሁ ጎመን ወይም ጤና አዳም ትከሉበት።