የድሮውን ጌም ከአዲሱ ስታወዳድሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ደሴ ላይ ጌም ቤት ከፍቼ ስሠራ በየቀኑ የምሰማው ክርክር አንድ ነው፤ ትልልቆቹ "ጌምማ ድሮ ቀረ" ይላሉ፣ ልጆቹ "የድሮው ደግሞ ምን አለው?" ይላሉ። ሁለቱም ወገን የሚሳሳትበት ቦታ አለ።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ የምስል ጥራትን ፈጠራ ነው ማለት ነው። የሜዳው ሣር አንድ በአንድ ስለታየ፣ የተጫዋቹ ላብ ስላብረቀረቀ ጌሙ አዲስ ነገር አመጣ ማለት አይደለም! ፈጠራ ስትፈልጉ እጃችሁን ጠይቁ፤ በፊት የማልችለውን ምን አስቻለኝ በሉ። በቀደም አንድ የሸዋ በር ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ሱፐር ማሪዮ 64 ከፈትኩለት። "ጋሼ፣ ይሄ ማዕዘን ማዕዘኑ የወጣ ነገር ምንድን ነው?" ብሎ ሊነሳ ሲል፣ "ቆይ የኔ ልጅ፣ ጆይስቲኩን ቀስ አድርገህ ግፋው" አልኩት። ቀስ ሲያደርገው ማሪዮ በእግሩ ጣት ተራመደ፤ ጠንከር ሲያደርገው ሮጠ። ተኝታ የምታንኮራፋዋ ተናካሽ አበባ ጋ ሲደርስ ልጁ ትንፋሹን ውጦ በዝግታ ተጠጋት፤ ቢሮጥ ትነቃበታለች። ይሄ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ጌም ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ በፈረንጅ ናቸው)። ካሜራውንም እንደፈለገ አዞረው። ዛሬ በየጌሙ እንደ ቀላል የምናየው ነገር ያኔ አዲስ ነበር።

ድሮ ሁሉም ፈጣሪ ነበር ማለትም ልክ አይደለም። ዘመን ወንፊት ነው፤ እኛ ጋ የደረሰው የተረፈው ብቻ ነው። ስፔስ ኢንቬደርስ የሚባለው፣ ከላይ የሚወርዱ የጠፈር ጠላቶችን እየተኮሱ የሚጫወቱት ጌም፣ በ1978 ወጥቶ ሲወደድ ግልባጩ ገበያውን ሞላው። በ1983 የአሜሪካ የጌም ገበያ የወደቀበት አንዱ ትልቅ ምክንያትም የማይረባ ጌም መብዛቱ ነው።

የማሽኑን አቅም ማነስ በሠሪዎቹ አታሳብቡ። የ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ በጠቅላላው 40 ኪሎባይት ያህል ነው፤ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ደመናውንና ቁጥቋጦውን በአንድ ሥዕል ሠሩት፤ የተለየው ቀለሙ ነው። ስፔስ ኢንቬደርስ ላይ ደግሞ ጠላት ባለቀ ቁጥር የቀሩት የሚፈጥኑት ማሽኑ የሚስለው ስለቀነሰለት ነው። ሠሪው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ይህን አይቶ ሳያስተካክለው ተወው፤ የጌሙ ጭንቀት ያለው እዚያው ላይ ነው።

በቁልፍ እንዲሠራ የተሠራን ጌም በስልክ መስታወት ላይ ነካክታችሁ "አይረባም" አትበሉ።

ትልልቆቹ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ በየዓመቱ የሚወጣውን የኳስና የጦርነት ጌም ብቻ አይታችሁ "ፈጠራ አልቋል" አትበሉ። በ2019 የወጣውን "ባባ ኢዝ ዩ" የሚባል የእንቆቅልሽ ጌም ተጫወቱት። ሕጉ ራሱ ቃል በቃል ሜዳው ላይ ተጽፏል፤ "ግድግዳ ያግዳል" ከሚለው ላይ አንዱን ቃል ገፋ ስታደርጉት ግድግዳውን ሰንጥቃችሁ ታልፋላችሁ። ሥዕሉ የሕፃን ሥዕል ይመስላል፣ ያረጀ ላፕቶፕም ያስኬደዋል፤ ሐሳቡ ግን የዛሬ ነው።