በስልክ የተለወጠ የዋርፋሪን ትእዛዝ እንዳይጠፋ ያደረግሁት

በሜሪላንድ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ የነርሶች ተቆጣጣሪ ሳለሁ፣ ሐኪሙ አመሻሽ ላይ በስልክ የሚለውጠው የዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት) መጠን እየጠፋ ያስቸግረኝ ነበር። አንድ ማለዳ ከ2 እስከ 3 መሆን የነበረበት የአንዲት እናት አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳይ መለኪያ፤ ከፍ ሲል የመድማት ስጋት ይጨምራል) 4.1 ሆኖ ተገኘ፤ ደግነቱ የደም መፍሰስ አልገጠማቸውም። ነገሩን ስመረምር፣ መጠኑን የሚቀንሰው ትእዛዝ በቢጫ ቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ከመድኃኒት ጋሪው ጎን ተለጥፏል፤ አሮጌው ትእዛዝ ግን አልተሰረዘም፣ የ5 ሚሊግራሙ እሽግም ከመሳቢያው አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ የተቀበለች ነርስ መጠኑንና ቀጣዩን የደም ምርመራ ቀን ለሐኪሙ መልሳ ታነባለች፤ ስልኩን እንደዘጋችም የቀድሞውን ትእዛዝ አቋርጣ አዲሱን በመድኃኒት መስጫ መዝገቡ ታሰፍራለች፣ አሮጌውንም እሽግ ታወጣለች። ፈረቃ ስትቀያየር ተረካቢዋ መዝገቡንና መሳቢያውን አብራት ታመሳክራለች። ቁራጭ ወረቀት ከልክያለሁ፤ ቅሬታ የበዛብኝም በዚህ ነበር።